መርዶ ያልመጣላቸው እናቶች፦ ከ«ጤዛ» እስከ ኢስትሊ

ዛሬ ስለ ማንዴትም ስለ አሊየን ካርድም አላወራም። የማወራው ስለ አንድ ፊልም፣ ከዚያም ፊልሙ ስላስታወሰን ነገር ነው። ረዘም ይላል። ቸኩላችሁ ከሆነ ሴቭ አድርጋችሁ ማታ አንብቡት።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት እዚሁ ኢስትሊ አንዲት ጎረቤታችን ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ዘጠኝ ሆነን የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» አየን። መሶቡን ወደ ጥግ ገፋ አድርገን ላፕቶፑን በርጩማ ላይ ሰቀልነው። ፊልሙን በፍላሽ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከዘጠኛችን ስድስቱ እናቶች ናቸው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ መሐል ላይ የመብራት ቶከን አለቀና ለመግዛት ስንሯሯጥ ሁለተኛው ቡና ተፈላ። እንደዚያ ሆኖም ማንም ተነሥቶ አልሄደም።

ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንበርብር የሚባል ሰው (አሮን አረፈ ነው የሚጫወተው) በወጣትነቱ ጀርመን አገር ሕክምና ይማራል። ከአብዮቱ በኋላ አገሬን አገለግላለሁ ብሎ ይመለሳል፤ የሚወደው ጓደኛው ተስፋዬ አዲስ አበባ ላይ ይገደላል፤ እሱም እንደገና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይላካል። እዚያ ደግሞ ዘረኞች ደብድበው አንድ እግሩን ያሳጡታል። በ1982 እና 83 ዓ.ም. አካባቢ፣ ደርግ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው፣ በምርኩዝ እያነከሰ ጣና ዳር ወዳለችው የትውልድ መንደሩ ይገባል። እናቱ አሉ። ታከለች በየነ የተጫወተቻቸው እናት።

ፊልሙ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ቬኒስ ቀርቦ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወሰደ። በየካቲት 2001 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ አገኘ። ስለ ሽልማቱ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ምሁራኑ ክርክር፣ ስለ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ስለ ጀርመኑ ክፍልም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር የጀርመኑ ክፍል ይረዝማል። እሑድ ዕለትም እነ ጓድ እገሌ ሲከራከሩ እናቶቹ ስለ ጤፍ ዋጋ ማውራት ጀምረው ነበር። ካሜራው ወደ መንደሩ ሲመለስ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል።

ልጅየው ሲደርስ እናቲቱ የሚሆኑትን አይተን ስናበቃ፣ ከእኛ መካከል አንዲት እናት፣ እማማ ነው የምንላቸው፣ እንዲህ አሉ፦

«ባንድ እግሩም ቢሆን መጣላት።»

ሌላ ነገር አላሉም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህች ዐረፍተ ነገር ናት።

የእማማ ልጅ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ አልጽፍም። አንዳንዶቻችሁ ኮሜንት ላይ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ አልመልስም። የመጨረሻ ጊዜ ስልክ የደወለው በ2014 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተ የሚል ሰው አልመጣም፤ አለ የሚልም አልመጣም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ።

«ጤዛ» ውስጥ ከአንበርብር ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ታሪክ አለ። ወታደሮች ወደ መንደሩ እየመጡ ልጆችን ለጦርነት ያሳድዳሉ፣ ልጆቹ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ይህን ክፍል ኃይሌ ለማሳመር ብሎ የጨመረው የሚመስለው ወጣት ካለ አባቱን ይጠይቅ። የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ዜጎች ስድስት ወር ሠልጥነው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመታቸው ተጠባባቂ እንዲሆኑ ያዝዛል። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ የሌላም አገር ሕግ ይመስላል። ሲሠራበት ግን ለየቀበሌውና ለየገበሬ ማኅበሩ ኮታ ሆኖ ወረደ። ኮታው ካልሞላ ሊቀ መንበሩ ራሱ ተጠያቂ ነው፤ ስለዚህ የዘመድ ልጅ ይደበቃል፣ የድሀና የባልቴት ልጅ ይታፈሳል። 18 ያልሞላውም ይሄዳል። «አፈሳ» የሚለው ቃል ራሱ እህል የሚታፈስበት ቃል ነው፤ ሰው ላይ የዋለው በእኛ አገር ነው።

በመጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ጦሩ ሲፈርስ፣ በ1981 ሽሬ ሲለቀቅ፣ በየካቲት 1982 ምጽዋ ሲያዝ፣ ከእያንዳንዱ ሽንፈት በኋላ አዲስ ኮታ ወደ ገጠር ይወርዳል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሠራዊቱ ከአራት መቶ ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። የአንበርብር መንደር የምትታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የእኔም አያት መንደር ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ደምቢያ ነው። አጎቴ የተወሰደው በ1980 ዓ.ም. ከቆላ ድባ ገበያ ነው። በቅሎ ሊሸጥ ወጥቶ። በቅሎዋ ብቻዋን መንገዷን ታውቅ ነበርና ማታ ቤት ገባች። እምዬ (አያቴን እንደዚያ ነበር የምንላት) በቅሎዋን ስታይ እንደገባት ትነግረን ነበር። ዕድሜው 17 ነበር።

አንድ ደብዳቤ መጣ ይላሉ፣ ከአሥመራ። ከዚያ በኋላ ምንም። በ1983 ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በእግሩ በየመንገዱ ጎረፈ። እምዬ ለአንድ ክረምት ሙሉ መንገድ ዳር ቆማ ውኃና ቂጣ ስትሰጥ ከረመች። ለጽድቅ ይመስላችኋል? እያንዳንዱን ትጠይቅ ነበር። «የስንተኛ ክፍለ ጦር ነህ? እንዲህ ያለ ልጅ አላየህም?» አንዱ አየሁት ይላታል፣ አንዱ ሞቷል ይላታል፣ አንዱ ሱዳን ገባ ይላታል። ሱዳን ያላትን አመነች።

በእኛ ባህል መርዶ ማለት ወሬ አይደለም። ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ቤተሰብ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስቦ ይገባል፤ የሚያዝ ሰው፣ ውኃ የሚረጭ ሰው ይዘጋጃል። ከዚያ ለቅሶ፣ ሰልስት፣ አርባ፣ ተዝካር። ሬሳ እንኳ ባይኖር መርዶ ከመጣ ፎቶውን ወይ ልብሱን አስቀምጠው ያለቅሳሉ። «እርሜን አወጣሁ» ይባላል። መርዶ ካልመጣ ግን የሚጀመር ነገር የለም። ተዝካር ብታወጣ ልጇን በቁሙ ገደለችው ሊባል ነው። ባታወጣ ደግሞ ነፍሱን ያለ ፍትሐት አስቀረችው። እምዬ በዚህ መሐል 19 ዓመት ኖራ በ1999 ዓ.ም. ዐረፈች። ጋቢው ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በየዓመቱ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች።

እንግዲህ ፊልሙ ለእኔ ስለ ምሁራን ውድቀት ከሚለው ይልቅ ስለዚህ የሚናገር የሚመስለኝ ለዚህ ነው። የአንበርብር እናት ልጃቸው በሕይወት ተመልሶላቸዋል፤ ግን የላኩት ልጅ አይደለም። ሌሊት እየባነነ ይጮኻል፣ ያለፈውን አያስታውስም። ጠበል ይወስዱታል። ከመንደሩ የተገለለችውን አዛኑንም ያስጠለሉት እሳቸው ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ኃይሌ ገሪማ ይህን ዝምታ ከየት እንዳመጣው መገመት ይቻላል፤ ጎንደር ነው የተወለደው፣ አባቱ ገሪማ ታፈረ ደግሞ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ ሰው ናቸው። ጦርነትና ሞት የሚወራበት ቤት ነው ያደገው። አባትየው ስለ ጀግኖቹ ጻፉ፤ ልጁ ካሜራውን በራፍ ላይ ለቀሩት ሰጠ።

የደርግ ጊዜ ልቅሶ ግን በጦርነቱ አልተጀመረም። ከዚያ በፊት ቀይ ሽብር ነበር፣ እዚያ ደግሞ ሐዘኑ ሌላ መልክ ነበረው፦ ልጇ መሞቱን እናት ታውቃለች፣ ማልቀስ ግን ክልክል ነው። በ1969 እና 70 ዓ.ም. አስከሬን መንገድ ላይ ተጥሎ ያድራል፣ ደረቱ ላይ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ድንኳን መትከል፣ ጥቁር መልበስ «ከፀረ አብዮት ጋር መተባበር» ነው። አስከሬን ለመውሰድ የገደለበትን የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ ነበር። ይህን የሰማችሁት ተረት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ከፍሎ የወሰደ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ነው። ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌሊት አዲስ አበባ ውስጥ ለሜይ ዴይ ሰልፍ የተዘጋጁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ ተገደሉ። በማግሥቱ፣ ሚያዝያ 22፣ በዓለም ሌላኛው ጫፍ ቦነስ አይረስ ውስጥ፣ አሥራ አራት የሚሆኑ እናቶች በወታደራዊው መንግሥት የታፈኑ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ፕላዛ ደ ማዮ አደባባይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሙ። አንድ ቀን ነው ልዩነቱ። የአርጀንቲና እናቶችም ተደብድበዋል፣ ከመሥራቾቹም ታፍነው የተገደሉ አሉ። ግን ነጭ ሻሽ አስረው በየሐሙሱ እየዞሩ ዓለም አወቃቸው። የእኛዎቹ የሚዞሩበት አደባባይ አልነበራቸውም። አብዮት አደባባይ የሰልፍ ቦታ ነበር፣ ያውም ለገዳዮቹ።

ሁለቱ ታሪኮች ኋላ ተገናኝተዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የጅምላ መቃብር ሲያስቆፍር አጥንት ለይተው ማንነቱን ለማወቅ የረዱት የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች ናቸው። እዚያ የታፈኑትን ለመፈለግ የተፈጠረ ቡድን ነው። መርዶ ማለት አንዳንዴ የጥርስና የጭን አጥንት ልኬት ነው። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ጥግ የተከፈተውን የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ያውቃል፤ በሩ ላይ ሦስት ሴቶች ቆመዋል፣ ውስጥ ደግሞ ፎቶ በፎቶ የሆነ ግድግዳ፣ ከዚያ በመስታወት ውስጥ አጥንት። አዲስ አበባ በነበርኩበት ጊዜ ሁለቴ ገብቻለሁ። አንዲት አሮጊት ፎቶ ፊት ቆመው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲያለቅሱ አይቼ ወጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በመጨረሻ ተፈቅዶላቸው።

ጓድ መንግሥቱስ? እሱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ሐራሬ ሲሸሽ በናይሮቢ በኩል ነው ያለፈው። እዚሁ እኛ ከተማ አርፎ። አዲስ አበባ ላይ በሌለበት ተፈርዶበታል፣ ዛሬም ዚምባብዌ ነው። በዚያው ዓመት እሱ ያስታጠቃቸው ወታደሮች በሞያሌ በኩል በእግራቸው ገብተው ዋልዳ ካምፕ ሰፈሩ፣ ኋላ ብዙዎቹ ወደ ካኩማ ተዛወሩ፣ ሾልኮ የወጣው ኢስትሊ ገባ። በቀድሞዎቹ ሕንፃዎቻችን ውስጥ እስከ ዛሬ ክፍለ ጦራቸውን የሚጠሩ ሽማግሌዎች አሉ። እዚህ ስመጣ መጀመሪያ ያደረግኩት እነሱን ስለ አጎቴ መጠየቅ ነበር። አንዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ልጄ፣ እኔን የሚፈልግ እንደ አንተ ያለ ልጅ ደግሞ ሌላ ቦታ ሌላ ሽማግሌ እየጠየቀ ይሆናል» አለኝ። እናቱ የት እንዳለ ሳታውቅ ነው የሞተችው።

ከዚያ በድሜ መጣ። ከ1990 እስከ 92 ዓ.ም.። ኤርትራ ወደ 19 ሺህ ሰው እንደሞተባት አስታውቃ ለቤተሰቦቹ መርዶ አስነገረች። ስለዚያ መንግሥት የማስበውን የዚህ ገጽ አንባቢ ያውቃል፤ እዚህ ኢስትሊ ካሉት ኤርትራውያን ጓደኞቼ በላይ ማንም አይነግራችሁም። ግን መርዶውን ነገረ። በእኛ በኩል የሞቱት ልጆች ቁጥርና ስም ተሟልቶ ለሕዝብ ይፋ አልሆነም። አንድ አዲስ አበባ የማውቀው ቤተሰብ ልጁ መሞቱን ያወቀው ደመወዙ ሲቋረጥ ነው።

ከዚያ የ2013ቱ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ፤ በኅዳር መጀመሪያ የጦር አዛዦቹ ናይሮቢ መጥተው አፈጻጸሙን ፈረሙ። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ሲያሳይ ሰው እልል ብሏል፣ እኔም ብያለሁ። እማማ ግን ሽሮ እያማሰሉ «ስማቸውንስ አነበቡ?» ብለው ጠየቁ። የምን ስም? የሟቾቹን።

አላነበቡም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር የሦስት ቀን ሐዘን አውጆ ለተዋጊዎች ቤተሰቦች መርዶ በይፋ ተነገረ። በየከተማው ድንኳን፣ በየድንኳኑ ደርዘን ፎቶ። የዚያን ሰሞን ኢስትሊ ውስጥ የትግራይ እናቶች የሚያለቅሱበትን ቤት ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ነበር። እማማም አብረውን ሄዱ። ሲወጡ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ እኔ በሐዘኑ መስሎኝ ነበር። ለካ ቀንተው ነው። እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንደዚያ ያሉኝ፣ እያፈሩ። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁ።»

ለሌላው ወገን ተዋጊዎች፣ ለፌደራል ወታደሩም፣ ለአማራና ለአፋር ሚሊሻውም፣ እንደዚያ ያለ ቀን አልታወጀም። አንዱ ጦርነት ሳይታለቀስለት ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላው ቀጠለ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው አለ፣ ሌላ ቀን።

እሑድ ፊልሙ ሲያልቅ ማታ ሆኖ ነበር። አንዷ እናት ፊልሙ «አላለቀም፣ ቀጣዩ ክፍል የት አለ?» ብላ አሳቀችን። ሌሎቹ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እማማ ቀሩ። ከብዙ ወራት በፊት የነገርኳቸውን ነገር አነሡ። «ያ ያልከኝ ፎርም አሁንም አለ?»

አለ። ለእናንተም ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ቀይ መስቀል በጦርነት የተጠፋፋ ቤተሰብን የሚያፈላልግበት አገልግሎት አለው። ይህ ሥራ የተጀመረው በፈረንሳይና በፕሩሺያ ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1870፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ነው፤ የቆሰለና የተማረከ ወታደር ስም ለቤተሰቡ ለማድረስ። የኬንያ ቀይ መስቀልም ይሠራል፣ ካምፕ ውስጥም ናይሮቢም። ክፍያ የለውም። ክፈሉ የሚላችሁ ደላላ ካለ ሌባ ነው፣ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ልጃችሁ በሕይወት ሊገኝ ይችላል፣ ላይገኝም ይችላል፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ይህን ሳልደብቅ ለእማማም ነግሬያቸዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አብረን ሄድን። ትርጉም እኔ ነኝ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ መጨረሻ የታየበት፣ መጨረሻ የተደወለበት ቀን። ቀኑን በሰዓቱ ያውቁታል። ፎቶ አልያዙም ነበር፤ ስልካቸው ውስጥ ያለው ከአሥረኛ ክፍል የተነሣው ነው፤ ይበቃል ተባለ። ልዩ ምልክት የሚል ጥያቄ ላይ ስንደርስ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ጠየቀች፣ እኔ በአማርኛ አልኩ። እማማ ዝም አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው የግራ ቅንድባቸውን ጫፍ ነኩ። በአራት ዓመቱ ከምድጃ ጉልቻ ላይ ወድቆ የተሰነጠቀ ነው። እሳቸው ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። «ብቻውን ጥዬው ወጥቼ ነው በላት» አሉኝ።

እሱን አልተረጎምኩትም። ጠባሳው የግራ ቅንድብ ላይ ነው ብዬ አስጻፍኩ።